ክረምቱን እንጦጦ ላይ ልሩጥ ወይስ ጓደኛዬን እምቢ ልበላት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ካዛንቺስ ነው። ከጥር ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት እንሮጣለን። ብዙ ጊዜ መስቀል አደባባይ፣ አንዳንዴ ጃንሜዳ። እሷ ከተማሪነቷ ጀምሮ ሯጭ ናት። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ክረምቱ ሲመጣ "በቃ፣ እስከ መስከረም ተገላገልኩ" ብዬ ነበር። እሷ ግን "ክረምቱን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው የምንሮጠው፣ የሩጫ ጣዕሙ ያኔ ነው" ብላ ድርቅ አለች። እናቴ "ምች ሊመታሽ ነው" ብላ ተቆጥታለች። እኔም ጭቃ አልወድም፣ መብረቅ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ቀርፋፋ ነኝ። ሜዳ ላይ እንኳ እየቆመች ትጠብቀኛለች። ዳገት ላይ ጭራሽ ሸክም እንዳልሆንባት እሰጋለሁ። እምቢ ብላት ደግሞ ይከፋታል። ከሥራና ከኑሮ ተርፎ አብረን የምንሆንበት ሰዓት ያው የቅዳሜው ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል? ደግሞስ በክረምት ጫካ ውስጥ መሮጥ ምኑ ነው ደስ የሚለው?

ሰ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጭቃውንና መብረቁን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰሻቸዋል። "ትጠብቀኛለች" የሚለው ላይ ስትደርሺ ግን አረፍተ ነገሩ ረዘመ። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር። የጫማውና የጭቃው ነገር ቀላል ነው፤ እንደርስበታለን።

ጓደኛሽ ብቻዋን መሮጥ ትችላለች። ለፈጣን ሰው እንደውም ብቻውን ይቀለዋል። በፈለገው ሰዓት ይነሳል፣ በፈለገው ፍጥነት ይሄዳል፣ ማንንም አይጠብቅም። እሷ ይህን ሁሉ እያወቀች ቅዳሜ ጠዋት የምትደውለው ለአንቺ ነው። ሰዓቷን ማሻሻል ብትፈልግ ኖሮ ከአንቺ ጋር አትቀጣጠርም ነበር። ይህን የምለው አንቺን ለማሳነስ አይደለም። የፈለገችው ነገር ሌላ እንደሆነ እንዲታይሽ ነው። የፈለገችው አብሮ መሆኑን ነው፤ ሩጫው ሰበብ ነው።

መጠበቅን እንደ ውርደት የምታይው ከሆነ ደግሞ የደራርቱን ነገር አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ቱሉ ዞር ብላ አይዞሽ፣ ነይ እያለች አበረታታቻት። ተፎካካሪዋን ነው እንግዲህ! ራድክሊፍ አልቻለችም። ደራርቱ ግን ቀጠለችና አሸነፈች። ያኔ 37 ዓመቷ ነበር። ለተፎካካሪ ይህን ያህል ከተደረገ፣ ጓደኛሽ ለአንቺ ጥቂት ደቂቃ ብትቆም ምን ይደንቃል?

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ፊት ሮጦ ዛፍ ሥር ቆሞ መጠበቅን እኔም አልወደውም። ለሁለታችሁም አይጠቅምም። የሚጠብቀው ሰው ላቡ ደርቆ ይበርደዋል። የሚጠበቀው ደግሞ ገና ሲደርስ፣ ያ ሰው አርፎ ስለነበር ወዲያው እንቀጥል ይለዋል። ደካማው ዕረፍት ሳያገኝ፣ ብርቱው ሲያርፍ ይውላል። ስለዚህ መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ዳገት ላይ ፊት የምትሆኚው አንቺ ነሽ። እሷ ከኋላሽ ትሁን።

እንጦጦና ሱሉልታ ላይ አትሌቶቻችን ሲለማመዱ አይተሽ ከሆነ፣ ጫካ ውስጥ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ እግር በእግር ይከተሉታል። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚመራው ነው። ስለዚህ ማንም አይቀደምም፣ ማንም አይጠበቅም። ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥም ለኋለኛው በእጅ ማሳየት የመሪው ሥራ ነው። እነሱ ይህን የሚያደርጉት በምክንያት ነው። አንቺም አድርጊው። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ታፍሪያለሽ። ከዚያ ትለምጂዋለሽ፤ ጭራሽ ማዘዝ ትጀምሪያለሽ።

ሁለተኛው መለኪያሽ ወሬ ነው። ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። "እህም" እና "እሺ" ብቻ ማለት ከጀመርሽ ፍጥነትሽ በዝቷል፤ ቀንሺ። ዳገቱ ወሬ ካስጣለሽ ተራመጂ። እንጦጦ ላይ መራመድ ነውር አይደለም። አራት ኪሎ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። የእንጦጦ ሸንተረር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሰባ በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ሳንባሽ ቢጮህ ቀርፋፋ ስለሆንሽ አይደለም። ተራራ ስለሆነ ነው። ጓደኛሽም ብትሆን፣ እንደ አንቺ በግልጽ አትናገር ይሆናል እንጂ፣ ዳገቱ ላይ እፎይ የምትለው አንቺ "ትንሽ እንራመድ" ስትዪ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ምኑ ነው ደስ የሚለው?

መጀመሪያ አየሩ። በበጋ የአዲስ አበባን አቧራና የመኪና ጭስ ታውቂዋለሽ። መንገድ ዳር ስንሮጥ የምንተነፍሰው ያንን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሽሮ ሜዳን አልፈሽ ስትወጪ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበልሻል። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ቅጠሉን አፍልተው የሚያጥኑን ያው ዛፍ ነው። እዚያ ላይ ያለ ክፍያ፣ ያለ ድስት፣ ያለ ብርድ ልብስ ትታጠኛለሽ።

ሁለተኛው ጉሙ ነው። ክረምት ላይ የእንጦጦ ጉም አንዳንዴ አሥር እርምጃ ፊት ያለውን አያሳይም። ከተማው ከሥርሽ አለ፣ ግን የለም። ሕንፃ የለም፣ ክላክስ የለም። የምትሰሚው የራስሽን እግር፣ የእሷን እግርና ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ ነው። ድንገት ደግሞ ጉሙ ይከፈትና ከአዋሬ እስከ ጎፋ ያለው ሁሉ ወለል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። በበጋ ስትወጪ ይህን አታይም። በበጋ የምታይው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ወሬው ነው። ካፌ ስንገናኝ ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። ማኪያቶው መሃል አለ፣ ስልኩ አጠገቡ አለ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ጆሮ አለ። ከባድ ነገር ለማንሳት አይመችም። ዓይን ለዓይን እየተያዩ "ባለቤቴ እንዲህ እያደረገኝ ነው" ወይም "ሥራውን ልለቅ ነው" ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ስትሮጪ ግን ሁለታችሁም የምታዩት መንገዱን ነው። ፊትሽን ማንም አያነብም። ዝም ብትዪም ትንፋሽ ያጠረሽ እንጂ የከፋሽ አይመስልም። ስልኩ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ኪስ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ዝናብ ያለበት ጫካ ውስጥ ማን ይሰማሻል? እኔ ከሩጫ ጓደኛዬ ጋር የተነጋገርነውን ግማሹን ካፌ ተቀምጠን አንነጋገረውም ነበር። አንቺም "አብረን የምንሆንበት ሰዓት ያው ነው" ብለሻል። ይህን ሰዓት ከሰኔ እስከ መስከረም ማቋረጥ ማለት ለሦስት ወር ያህል "እንደዋወል" እየተባባሉ መክረም ማለት ነው። እንደዋወል እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሳቁንም አልረሳሁትም። ትወድቂያለሽ። እሷም ትወድቃለች፤ ፈጣን ሰው ሲወድቅ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ነው የሚወድቀው። መጀመሪያ ላይ ጫማሽ እንዳይቆሽሽ ኩሬ ኩሬውን ትዘያለሽ። ካልሲሽ አንዴ ከራሰ በኋላ ግን የምታጪው ነገር የለም። ያን ጊዜ የልጅነት ነገር ይመጣል። ጭቃ አልወድም ያልሽኝ ጭቃ ማለት ለአንቺ በሥራ ጫማ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚገኘው ስለሆነ ነው። ያኛውን እኔም አልወደውም።

እስቲ ስለ ብርዱ ደግሞ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በክረምት አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ክረምት ላይ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደመናው እንደ ጋቢ ከተማውን ሸፍኖ ስለሚያድር መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት አያመልጥም። በኅዳር ሰማዩ ባዶ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጠዋት ውርጩ ይጠብቅሻል። አንቺ የሮጥሽው ከጥር ጀምሮ ነው። የጥርን ጠዋት ከቻልሽው የሐምሌው አይከብድሽም። ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። ክረምት ላይ ሰው የሚበርደው እየሮጠ ሳለ አይደለም፤ ካቆመ በኋላ ነው፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ቆሞ ሲያወራ።

የእናትሽን ነገር እንዲህ ያዢው። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ ብቻውን አያመጣውም። ይህን ግን ለእናትሽ ለማስረዳት አትሞክሪ፤ አታሸንፊም። እናትሽ ትክክል የሆነችበትን ነገር ያዢላት፦ ረጥቦ መቆየት ጥሩ አይደለም። "እማዬ፣ እንዳቆምን ደረቅ ልብስ እቀይራለሁ፤ ስመለስ አጥሚት ትጠብቂኛለሽ?" በያት። ተቃዋሚ የነበረች የቡድኑ ምግብ አዘጋጅ ትሆናለች። ዝንጅብል ያለበት ሻይም ብትሰጥሽ ጠጪ። ዳማከሴ ካመጣችም አትከራከሪ።

መብረቁን መፍራትሽ ግን ልክ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም። የክረምት መብረቅ በአገራችን ሰው ይገድላል፤ እንጦጦ ደግሞ ከፍታ ቦታ ነው፤ በዛ ላይ ረጃጅም ዛፍ የሞላበት። ደንቡን ከጓደኛሽ ጋር ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙበት። ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ያኔ "ትንሽ ነው የቀረን" የለም። መመለስ ነው። ዛፍ ሥር መጠለል የለም። ቤት ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።

ደግነቱ የአዲስ አበባ የክረምት ነጎድጓድ አመል አለው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ላይ ካፊያ ወይም ጉም ሊኖር ይችላል እንጂ ያ የሚያስደነግጠው ዶፍ በአብዛኛው ከምሳ በኋላ ነው የሚጥለው። ስለዚህ "ከሥራ በኋላ እንሂድ" ካለችሽ እምቢ በያት። የጠዋቱን እሺ በይ። ዶፍ ከጣለ በኋላ ደግሞ ወንዝ አትሻገሩ። ቀበናና ግንፍሌ በበጋ ተራምደሽ የምታልፊያቸው ናቸው፤ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ግን እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ሞልተው ይመጣሉ።

ሰዓቱ ደግሞ በጣም ማለዳም መሆን የለበትም። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሰው ስለሚሞላ እንጦጦም እንዲሁ ይመስልሻል። አይደለም። እንጦጦ ጅብ አለ። ቀን ሰው አይተናኮልም፤ ሌሊቱ ግን የእሱ ነው። ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መነሳት ይበቃል። በዚያ ሰዓት ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሲወጡ ታገኛላችሁ። አትሌቶችም አሉ። ሰው ያለበትን መንገድ አትልቀቁ፤ ሁለት ሴቶች ስለሆናችሁ ብቻ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ቢጠመዘዝ እንኳ የሚደግፍ ሰው እንዲገኝ ነው። በየትኛው በኩል እንደምትወጡና መቼ እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ። የጆሮ ማዳመጫ አያስፈልጋችሁም፤ ወሬ አለላችሁ።

የውሻ ነገር። ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ውሾች ሊወጡባችሁ ይችላሉ። አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ከነከሰ ግን ትንሽ ጭረት ናት ብለሽ እንዳትንቂያት። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል።

መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሟችኋል። ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው የሚረዝም ሸክም ይዘው፣ በዚያ ጭቃ። ቀጭኗን መንገድ ልቀቁላቸው። ዳር ወጥታችሁ ቁሙና ሰላም በሏቸው። የእኛ ሩጫ በፈቃድ ነው፤ የእነሱ አይደለም።

የትኛው መንገድ? ከአራት ኪሎ ስትነሺ በስድስት ኪሎ አድርገሽ ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ ሂጂ። አስፋልቱን ሙሉ በሩጫ ልውጣ አትበዪ፤ ዳገቱ ጫካው ጋ ሳትደርሺ ይጨርስሻል። ሌላው አማራጭ በታክሲ እስከ ማርያም ወጥቶ ላይ ላዩን፣ ሸንተረሩን ይዞ መሮጥ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጫማ ማሰር በራሱ ነገር አለው። ጥርግ ያለ መንገድ ከፈለጋችሁ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ የተሠራ መሄጃ ስላለው ጭቃው ይቀንሳል። የመግቢያ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሱሉልታን ለጊዜው ተዉት። ሜዳው የሚያምር ነው፤ ክረምት ላይ ግን ጥቁር አፈሩ ጫማ ላይ ይለጠፍና በየእግርሽ ኪሎ ጡብ ያስርብሻል።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ ጠዋትም ካላባራ እንጦጦ ይቅር። ኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳና ወደ ቀበና ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል። ለስላሳው ንጣፍ ሲረጥብ ያንሸራትታል እንጂ ለቀላል ሩጫ ይበቃል። ከዚያ ፒያሳ ትኩስ ፉል። ይህም ቅዳሜ ነው።

አሁን ጫማ። የኳስ ታኬታ የሚመክርሽ ሰው ካለ አትስሚው። አስፋልትና ድንጋይ ላይ እግርሽን ይጎዳል። የሚያስፈልግሽ ሶሉ ጥርስ ያለው መሮጫ ነው። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሳልባጅ ቤት ገብተሽ ጫማውን ገልብጪው። ጥርሱ ጥልቅ ነው? መሃሉ ላይ አላለቀም? በጣትሽ ስትጫኚው ይመለሳል? እነዚህን ካሟላ የላዩ መልክ አያሳስብሽ፤ ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ በኋላ ማንም መልኩን አያየውም። ካልሲ የጥጥ አይሁን፤ ውኃ ይይዝና እግርሽ ውኃ ይቋጥራል። ቫዝሊን በጣቶችሽ መሃልና ጭንሽ ላይ ተቀቢ። ወፍራም የጥጥ ቱታም ይቅር፤ ሲረጥብ ይጎትትሻል። ስስ ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና ግንባር ያለው ኮፍያ ይበቃል። ኮፍያው ለፀጉርሽ ሳይሆን ዝናቡ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ስትመለሺ ጫማውን ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታደርጊው። ማስቲሹ ይለቃል። ጭቃውን እጠቢ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጪ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት። ጋዜጣው ሲረጥብ ለውጪው። በማግስቱ ይደርቃል ብዬ አልዋሽሽም፤ በክረምት ምን ይደርቃል? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ይደርሳል።

አረማመድ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ጭቃ ላይ እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ረጅም እርምጃ ነው የሚያንሸራትተው። ዓይንሽ እግርሽ ሥር ሳይሆን ሦስት አራት እርምጃ ፊት ይሁን። የባሕር ዛፍ ሥርና ልጣጭ ሲረጥብ ከጭቃው ይብሳል፤ አትርገጪው፣ ተሻገሪው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ አትንጋለዪ፤ ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊና ተረጋግተሽ ውረጂ። ሰው ዳገቱን ነው የሚፈራው። ጭንን የሚያስጮኸው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ማግስቱን ሳይሆን በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ የቢሮ ደረጃ ስትወርጂ ታውቂዋለሽ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መውረጃውን በታክሲ አድርጉት። ወያላው ጫማችሁን አይቶ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። መቀየሪያ ጫማ ያዙ፤ ጭቃማውን ፌስታል ውስጥ አስገቡ፤ ሂሳብ ቶሎ ክፈሉ።

ፍልሰታ የምትጾሙ ከሆነ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነገሩን አሳጥሩት። ቅዳሴ እስኪወጣ እህልም ውኃም የማትቀምሺ ከሆነ ዳገት መሮጥ ይቅር። አብራችሁ ተራመዱ፤ አልያም ሠፈር ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቀስ ብላችሁ ሩጡ። ጾሙ ሲፈታ ወደ ጫካው ትመለሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ዝናቡም መቀነስ ይጀምራል። መስከረም ላይ ያ ሁሉ ጭቃ የነበረበት ዳር አደይ አበባ ያወጣል። ኅዳር ላይ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ አለ። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምቱን እንጦጦ ላይ የከረመ ሰው እዚያ ሕዝብ መሃል እየጨፈረ ይጨርሰዋል። እሱን ግን አሁን ለጓደኛሽ እንዳትነግሪያት። ሰዓት መያዝ ትጀምራለች።

ስለዚህ እምቢ አትበያት። እሺም ብቻ አትበያት። ዛሬ ማታ ደውይላትና እንዲህ በያት፦ "እመጣለሁ። ግን ዳገት ላይ ፊት እኔ ነኝ። ወሬ ካቆምኩ እንራመዳለን። ነጎድጓድ ከሰማን እንመለሳለን፣ ክርክር የለም። ሰዓትሽን ቤት ታስቀምጪዋለሽ።" ሸክም እንዳልሆንባት እሰጋለሁ ያልሽኝንም እንደዚያው ንገሪያት፤ ለእኔ ከጻፍሽው ለእሷ መንገር አይከብድም። ከከበደሽም ቅዳሜ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ፊት ሆነሽ ንገሪያት። ፊትሽን አታይም።

የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ይበቃል፤ መራመዱን ጨምሮ። ቤት በሶ በጥብጠሽ ጠጪና ውጪ። ደረቅ ካናቴራ ያዢ። ፌስታል ሦስት ያዢ፤ አንዱ ለስልክሽ፣ አንዱ ለጫማሽ፣ አንዱ ለእሷ ጫማ። ፈጣን ሯጮች ፌስታል ይረሳሉ።